ሐይቅ መሀል ጥሎን የቀረው ካርቡሬተር

ባለፈው ሐምሌ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ እኔና አንድ የኦሮራ ወዳጄ ከዘጠኝ ዓመት ልጁ ጋር ሆነን ቼሪ ክሪክ በተባለው ሐይቅ መሀል ሞተሩ በጠፋ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን ቀረን። ከዳር ስንነሣ ሞተሩ ደህና ነበር። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት ያጓራል። ዓሣ ወደሚያዝበት ቦታ ቀስ ብለን እንጠጋ ስንል ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሁለቴ አሳለና ጸጥ አለ። የማስነሻውን ገመድ እየተፈራረቅን ሃያ ጊዜ ያህል ሳብነው። መልስ የለም።

ኮሎራዶ የሚኖር አንባቢ እንደሚያውቀው በሰመር ወራት ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ተራሮች ደመና ቶሎ ይነሣል፤ መብረቅም ያስከትላል። ሐይቅ መሀል ሆኖ መብረቅ መጠበቅ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ነጎድጓዱ እየቀረበ ሲመጣ ገመዱን ትተን መቅዘፊያ አነሣን፤ የያዝነውም አንድ ብቻ ነበር። አርባ ደቂቃ ቀዝፈን ዳር ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ልጁ የሕይወት አድን ሰደርያውን ለብሷል። በኮሎራዶ ሕግ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በምትጓዝ ጀልባ ላይ ያንን መልበስ ግዴታው ነው። እሱ ግን የለበሰው ሕጉን አውቆ ሳይሆን እናቱ ካልለበሰ አይሄድም ብላ ስለማለች ነው። እግዚአብሔር ይስጣት።

ይህን የምጽፈው ጀብዱ ለማውራት አይደለም። በዴንቨርና በኦሮራ ከምናውቃቸው ወገኖች አንዳንዶቹ አሮጌ ጀልባ ከነሞተሩ በርካሽ እየገዙ ዓሣ ማጥመድ ጀምረዋል። ሞተሮቹ የቆዩ ናቸው፤ የእኛን ያጋጠመን ችግርም ነገ እነርሱን ሊያጋጥማቸው ይችላል። በውሃ ላይ የሚቆም ሞተር መንገድ ዳር እንደሚቆም መኪና አይደለም፤ ወርዶ በእግር መሄድ የለም።

በማግሥቱ ወዳጄ ሞተሩን ጭኖ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። እዚያም ሳይከፍቱት 420 ዶላር ጠየቁት፤ “በዚህ ገንዘብ ላይ ጨምረህ አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል” የሚል ምክርም መረቁለት። ጀልባውን፣ ሞተሩንና መጎተቻውን አንድ ላይ የገዛው በ900 ዶላር ነው። ሞተሩን ለመጣል ቆርጦ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ በፊት ግን እኔ አንድ ጥፋት ሠርቼ ነበር። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ሆኖ ሳለ፣ አንድ ቀን ማታ ካቻቪቴ ይዤ ካርቡሬተሩ ላይ ያገኘኋትን ብሎን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አዞርኳት። ሞተሩ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅናቸው ሰው

የወዳጄ ባለቤት አጎት ከእነርሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። ከባሕር ዳር ከመጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በመስኮቱ በኩል ሃቫና ጎዳናን ሲመለከቱ ይውላሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እኔም ስመጣ “ጋሼ እንደምን ዋሉ?” ብዬ ጉልበት ስሜ አልፋለሁ። በዚያ ቀን ሞተሩ ጋራዥ ወለል ላይ ተጋድሞ ሲያዩ ወደ እሱ ሄዱና ጎንበስ ብለው የነዳጁን ጎማ አሸተቱ።

“ይህ ቤንዚን መቼ ነው የተገዛው?” አሉ።

“ባለፈው መስከረም መሆን አለበት ጋሼ” አለ ወዳጄ።

“ታዲያ ሞተሩ ምን አጠፋ? አስር ወር ያደረ ወጥ አቅርባችሁለት አልበላም ቢል ይፈረድበታል?”

ለካስ እኚህ ሰው ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ጣና ላይ የሚመላለሱ የሞተር ጀልባዎችን ሲጠግኑ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ሠርተው እንደኖሩ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም። ሰው መጠየቅ ሙያዬ ነው ስል የኖርኩት እኔም ጭምር።

ካርቡሬተሩን ስንፈታ ለማየት ቸኩለን ነበር። እርሳቸው ግን “ካርቡሬተር መጨረሻ ላይ ነው የሚፈታው” አሉን። ለአንባቢም ዋናው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። አሮጌ ሞተር አልሠራ ሲል ሁሉም ሰው “ካርቡሬተሩ ነው” ይላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ሌላው ሳይመረመር የተፈታ ካርቡሬተር ግን በአንድ ችግር ላይ ሁለተኛ ይጨምራል።

ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ነዳጁ ይመረመራል። የቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ብሎን ተከፍታለች ወይ? ተዘግታ ከሆነ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል፤ ጎማው ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕም ተጨራምታ ትገኛለች። ፓምፒቱ ተደጋግማ ስትጨመቅ መጠንከር አለባት። ጭራሽ አልጠነክር ካለች ወይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፣ ወይ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው የቤንዚን መዝጊያ መርፌ በደንብ አልዘጋችም። በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ የሚዳከም ሞተር ፓምፒቱን በእጅ ሲጨምቁለት ነፍስ ከዘራ፣ የራሱ የነዳጅ ፓምፕ ደክሟል ወይም መስመሩ ታፍኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው እሳቱ ነው። ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፤ መልካቸውም ይነበባል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ወይም ካንዴላው እሳት አልሰጠም። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል። ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ ሁለቱም እሳት መስጠታቸው መረጋገጥ አለበት። ይህ የሚደረገው ግን የተከፈተ ቤንዚን በሌለበት ነው።

ሦስተኛው ኮምፕሬሽኑ ነው። ልኬቱን የሚያሳየው መሣሪያ ውድ አይደለም። ሁለቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። አንደኛው በጣም ካነሰ ፒስተኑ ወይም ቀለበቱ ተጎድቷል፤ ካርቡሬተር ማጽዳቱም ድካም ብቻ ይሆናል።

የእኛ ሞተር እሳቱም ኮምፕሬሽኑም ደህና ነበር። ካንዴላዎቹ ግን እንደ ጥቀርሻ ጠቁረዋል። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ይሠራል፤ መካኒኮቻችን ሚኒሞ በሚሉት በቀስታው ዙር ግን ይጠፋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። “የሚኒሞው መንገድ ተደፍኗል። ጥቁረቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሞተር ከወዴት ነው የመጣው?” አሉ። ወዳጄ የገዛው ከሂዩስተን ወደ ዴንቨር ከተዛወረ ሰው ነበር።

“ሂዩስተን ከፍታው ስንት ነው?”

“ከባሕር ብዙም አይርቅም።”

“በሉ፣ ሁለተኛውን በሽታ አገኘነው” አሉ።

ዴንቨርና ጣና

ካርቡሬተር አየርንና ቤንዚንን መጥኖ የሚያቀላቅል ዕቃ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል፤ እዚያ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርድና ከታች ካለችው ጽዋ ቤንዚን ይስባል። በጽዋዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ነው፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ወደ ላይ ይነሣና መርፌዋን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። ከጽዋዋ የሚወጣውን ቤንዚን የምትመጥነው ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፤ ጄት ትባላለች። የቀዳዳዋ ስፋት የተወሰነ ነው፤ ከፍታ ተለወጠ ብላ አትጠብም።

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 5,280 ጫማ ወይም 1,609 ሜትር ላይ መሆኗ በስቴቱ ካፒቶል ደረጃ ላይ ተቀርጿል። እዚህ ያለው አየር በአንድ ዓይነት ሙቀት ሲለካ ከባሕር ዳርቻው አየር ከመቶ 17 እጅ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለሂዩስተን የተመጠነች ጄት ዴንቨር ስትመጣ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛል። ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። የዚህ ዓይነቱ ነገር የዚህችን ከተማ መኪኖችም ለረጅም ዘመን አስቸግሯል። ኮሎራዶ በጥር 1988 እ.ኤ.አ. በክረምት የሚሸጠው ቤንዚን ኦክሲጅን ያለበት ቅልቅል እንዲሆን ስታዝዝ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። ምክንያቱም በዴንቨር የክረምት አየር ውስጥ ከመኪና ጭስ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መብዛቱ ነው።

ጋሼ ይህን የተማሩት በመጽሐፍ አይደለም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዝዋይ ደግሞ 1,636 ሜትር፣ ማለትም ከዴንቨር በ30 ሜትር ገደማ ብቻ ይበልጣል። በ1986 እ.ኤ.አ. በሆላንድ በጎ አድራጊ ድርጅቶችና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተሳትፎ የጣና የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሲጀመር፣ የደንገል ታንኳ ብቻ ያውቅ ለነበረው ዓሣ አጥማጅ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣለት። ለዝቅተኛ አገር ተመጥኖ የተሠራ ሞተር እዚያ ሲደርስ ያሳየው የነበረውን ጭስ እርሳቸው በዓይናቸው አይተዋል።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ለጣና ወይም ለዴንቨር ጠባብ ጄት የገባለት ሞተር 500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የጋምቤላው ባሮ ወንዝ ወይም ወደ ሂዩስተን ቢወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። በእነዚህ አሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ላይ ቤንዚን ማነስ ማለት ዘይትም ማነስ ማለት ነው፤ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነውና። ፒስተኑ ይግልና ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። እኔም ብሎኗን እንዳሻኝ ሳዞር የተጫወትኩት በዚህ ነው። ጋሼም ሳይጠይቁኝ አላለፉም።

“ስንት ዙር አዞርካት?”

“አልቆጠርኩም ጋሼ።”

“እንግዲያው መነሻዋን አጥፍተሃል ማለት ነው ልጄ። ሞተር ስትነካ መጀመሪያ ቁጠር።”

ፈትቶ ማጽዳት

ሥራው ከጋራዡ ወጥቶ ደጅ እንዲሆን አዘዙ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። በብዙዎቻችን ጋራዥ ውስጥ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ፤ ከታቹም እሳት አለው። አሮጌው ቤንዚን በሚዘጋ ዕቃ ተቀዳ። ወደ ፍሳሽ ቦይ አይደፋም፤ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበለው ክፍል ነው የሚወሰደው።

የካንዴላ ገመዶቹ ተነቀሉ። ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት ልጁ በስልክ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አነሣው። ነጭ አንሶላ ተነጠፈ፤ እያንዳንዱ ዕቃ በተፈታበት ተራ ተደረደረ። ጽዋዋ ስትከፈት ከታች የማር ቀለም ያለው ሙጫ ተጋግሯል። ዛሬ እዚህ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው ከመቶ 10 እጅ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ውሃ ይስባል፤ የድሮ ጎማዎችንም ያለሰልሳል። ዴንቨር ደረቅ አገር ስለሆነ ለእኛ የባሰው ግን ውሃው አይደለም፤ ቤንዚኑ ክረምቱን ሙሉ በጽዋዋ ውስጥ ቆይቶ ሲተን የሚቀረው ሙጫ ነው።

የሚኒሞዋ ብሎን ከመፈታቷ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብላ እስክትነካ ድረስ ዙሯ ይቆጠራል፤ ይጻፋልም። ጠበቅ ካደረጓት ጫፏ ይበላሻል። ጎማና ፕላስቲክ የሆነው ሁሉ ተለይቶ ወጣ፤ ማጽጃው ኬሚካል ያበላሸዋልና። ብረቱ ተነከረ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ኬሚካሉ ተረጭቶ አየር ተነፋበት። እኔ ለነሐሷ ቀዳዳ ሽቦ ላቀብላቸው ስል እጄን ያዙኝ። “ሽቦ ያሰፋዋል። ከሰፋ በኋላ ማን ያጠብልሃል?” አሉ። መነጽርና ጓንትም አስፈላጊ ነው፤ ኬሚካሉ ከአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ዓይን ላይ ይረጫል።

ከጉሮሮው አጠገብ ያሉት የሚኒሞ ቀዳዳዎች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ጭራሽ ተደፍነው ነበር። ሐይቅ መሀል ጥሎን የቀረው እንግዲህ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ነው። ሁለት ጊዜ ነክረን፣ ሦስተኛ ጊዜ ስንነፋ ብርሃን አሳየ።

የጥገናው ዕቃ ስብስብ፣ ማለትም ጓርኒሲዮኖቹ፣ መርፌዋና መቀመጫዋ፣ ከ30 ዶላር በታች ነው የተገዛው። የሞተሩ ዘመንና ሞዴል ቁጥር በትክክል ከተሰጠ ዕቃው አይጠፋም። ዋናዋ ጄትም የፋብሪካው መጽሐፍ ለዚህ ከፍታ በሚያዘው ቁጥር ተለወጠች። የድሮዋን ወዳጄ በወረቀት ጠቅልሎ “ለዝቅተኛ አገር” ብሎ ጻፈባትና በጀልባው መሣሪያ ሳጥን ውስጥ አስቀመጣት።

ሲገጠም ካርቡሬተሩ ተገልብጦ ተንሳፋፊው ከጽዋዋ አፍ ጋር እኩል መሆኑ ታየ። መግቢያው በአፍ ሲነፋ ተንሳፋፊው በወደቀበት ጊዜ አየር ማሳለፍ፣ በተነሣበት ጊዜ መዝጋት አለበት። የነዳጁ ጎማ በሙሉ በአዲስ ተተካ፤ ማጣሪያም ተጨመረ። አዲሱ ቤንዚን ከዘይት ጋር 50 ለ1 ተደባለቀ፤ ለስድስት ጋሎን 16 አውንስ ያህል ማለት ነው። ሌላ ሞተር ያለው አንባቢ የራሱን መጽሐፍ ይመልከት።

ሞተሩን ያለ ውሃ ማስነሣት አይቻልም። የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ስለሆነ ደረቁን ከተነሣ የውሃ ፓምፑ ላስቲክ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ትልቅ የቆሻሻ በርሜል ውሃ ሞልተን በውስጡ አቆምነው። ብሎኗ አንድ ዙር ተኩል ተከፈተች። ገመዱ በሦስተኛው ተነሣ።

ማስተካከሉ ግን የተጠናቀቀው ሐይቁ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ፕሮፔለሩ ውሃ እየገፋ። ጋሼ ብሎኗን ጥቂት በጥቂት ዘጉ፤ ሞተሩ ሊያነጥስ ሲል የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል መልሰው ከፈቱ። “ጥቂት ቢበዛለት ይሻላል። የበዛ ቤንዚን ካንዴላ ያጠቁራል፤ ያነሰ ፒስተን ያቃጥላል” አሉ። በዚያ ከሰዓት ቼሪ ክሪክን ሁለት ጊዜ አቋረጥን። በቀስታው ዙር ሩብ ሰዓት ሙሉ አቁመነው አልጠፋም።

ለሚገዙ

አሮጌ ሞተር ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች ጥቂት ነገር ይወቁ። የኦሮራ ሬዘርቫየር የቤንዚን ሞተር አይፈቅድም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብቻ ነው። ቼሪ ክሪክ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጀልባው መመዝገብ አለበት። ከውጭ የሚመጡ ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች እንዳይገቡም ይፈተሻል። ሞተሩን ሲገዙ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅዎ ይጠይቁ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ነው እውነቱን የሚናገረው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የነዳጁን ጎማ ነቅለው ሞተሩን በውሃ በርሜል ውስጥ እስኪጠፋ ያስሠሩት፤ የቀረውንም ከጽዋዋ ያፍስሱ። ይህች አስር ደቂቃ እኛን ከአርባ ደቂቃ ቀዘፋ ታድነን ነበር። ይህ ምክር ለበረዶ መጥረጊያና ለሣር ማጨጃ ማሽንም ይሠራል፤ በሽታቸው አንድ ነው።

ይህን ዓይነቱን ሞተር ለገበያ ያበቃው ኦሌ ኤቪንሩድ ራሱ ስደተኛ ነበር። በ1877 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ዊስኮንሲን መጣ። ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቅ ሲቀዝፍ እንደቀለጠበትና ሞተሩ ከዚያ በኋላ እንደታሰበው ይተረካል። በ1909 እ.ኤ.አ. ሚልዋኪ ላይ መሸጥ ጀመረ። በስሙ የሚጠሩት ሞተሮች መመረት ያቆሙት በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። አሮጌዎቹ ግን ዛሬም ይሠራሉ፤ የሚያውቃቸው ሰው ካገኙ።

ባለፈው ሳምንት ወዳጄ ቤት ስሄድ ጋሼ መስኮቱ አጠገብ አልነበሩም። ደጅ የአንድ ጎረቤት የበረዶ መጥረጊያ ፈትተው ነጭ አንሶላ ላይ ደርድረዋል። ልጁ ፎቶግራፍ ያነሣል። ስልኩ አንሶላው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ድምፁ ከፍ ተደርጓል፤ ከወዲያ ማዶ ባሕር ዳር ያለ የወንድማቸው ልጅ ስለ ጀልባው ሞተር ያማክራቸዋል። ቤንዚኑን በሃይላንድ ፕላስቲክ ከመንገድ እንደገዛው፣ እምቦጭም የውሃ መሳቢያውን እየደፈነ እንዳስቸገረው ይናገራል።

“ካርቡሬተሩን ልፍታው?” ሲል ሰማሁት።

“ቆይ” አሉት ጋሼ። “መጀመሪያ የታንኩን ክዳን እየው።”

ቸር ይግጠመን።